ኃጢአት ሠርቼ አይደለም የቀዘቀዝኩት፣ ተመችቶኝ ነው

ለብ ያልኩት፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ለረጅም ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው ይህን ነገር ለማውቀው ሰው ፊት ለፊት መናገር ስላፈርኩ ነው።

ካመንኩ 19 ዓመቴ ነው። አገለግላለሁ፣ ወጣቶችን አስተምራለሁ፣ ጉባኤ አላስታጉልም። አልጠጣም፣ አልጨፍርም፣ በትዳሬ ላይ አልሄድኩም። ላዩን ለሚያየኝ ሙሉ ሰው ነኝ፣ ውስጡን ለቄስ። ባዶ ነኝ ብዬ እንዳልጽፍ፣ ባዶ ብሆን ኖሮ ያመኝ ነበር። አያመኝም። ስብከት ላይ አጠገቤ ያለው ሰው ሲያለቅስ እኔ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያለሁ።

ሦስት ነገር ልንገራችሁና ፍረዱኝ።

ስልኬ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ አፕ አለ። በየቀኑ ስትከፍተው ቀን ይቆጥርልሃል፣ አንድ ቀን ካመለጠህ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ባለፈው ሳምንት ማታ ለስድስት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ጥርሴን እየቦረሽኩ ትዝ አለኝ። በግራ እጄ ከፈትኩት። የቀኑ ጥቅስ እስኪመጣ ጠበቅኩ፣ ቁጥሩ 412 ሲል ዘጋሁት። ጥቅሱ ምን እንደነበር ብትጠይቁኝ አላውቅም። መብራት ሳጠፋ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ቁጥሩ አልተቆረጠማ።

ሁለተኛዋ ልጄ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው። ማታ ገበታ ላይ ስጸልይ በለሆሳስ አብራኝ ትላለች፣ ቃል በቃል። እኔ ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ ላይ እሷም ትወስዳለች። "በተለይም" የምትለዋን ቃል ልክ እንደ እኔ ታስረዝማታለች። ያን ቀን ጭራሽ ቀድማኝ "አሜን" ብላ ማንኪያዋን አነሳች። እናቷ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ተኝቼ ግን ገባኝ። ልጅቷ የሸመደደችው እኔ ሳላስብ የምለውን ነው።

ሦስተኛው ይከብዳል። መሥሪያ ቤት በየወሩ መጨረሻ የትርፍ ሰዓት ሪፖርት እንሞላለን። ሁላችንም ያልሠራነውን ሰዓት እንጨምራለን፣ አለቃችንም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። መጀመሪያ ሰሞን ስፈርም እጄን ያዝ ያደርገኝ ነበር፣ አንዴ እንዲያውም ሽንት ቤት ገብቼ ይቅርታ ለምኛለሁ። ባለፈው ወር ግን የፈረምኩት ውሸት መሆኑ ትዝ ያለኝ በማግስቱ ነው። ያውም ሻይ እየጠጣሁ። ሻዩን ጨረስኩ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ያልወደቀ ሰው እንዴት ይነሳል? "ጸልይ፣ ቃሉን አንብብ" እንዳትሉኝ፣ እሱን እኔው ነኝ የማስተምረው። ደግሞስ ከዓለም መለየት የሚባለው ነገር፣ ዝርዝሩን ጨርሶ ለጣለ ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ማለት ነው?

ያለማቋረጥ፦

ወንድሜ ቅር እንዳትሰኝ፣ ግን በደንብ ነው ያቆነጃጀኸው። ሦስት አንቀጽ ጽፈህ ንስሐ የምትባል ቃል የለችበትም። ዮሐንስ ራእይ 3፣ 16 ላይ "እንዲሁ ለብ ስላልህ በራድም ወይም ትኩስ ስላልሆንህ ከአፌ ልተፋህ ነው" ይላል። ይህን ስታነብ ካልደነገጥክ ምን ያስደነግጥሃል?

እኔን ያዳነኝ መቁረጥ ነው። ሶሻል ሚዲያ አጠፋሁ፣ ተከታታይ ፊልም አቆምኩ፣ ከማያምኑ ጓደኞቼ ጋር የነበረኝን ቡና መጠጣት ተውኩ። ሦስት ቀን ጾምኩ። አንተም አፑን አጥፋው፣ የወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱስ ያዝ፣ አገልግሎቱንም ለጊዜው አስረክብ። ዓለም የሚገባው በቀዳዳ ነው፣ ቀዳዳውን ድፈን። ፍልስፍና አያስፈልገውም።

መቅረዝ፦

ያለማቋረጥ የጠቀስከው ጥቅስ ትክክል ነው፣ ግን አንድ ቁጥር ቀደም ብለህ ጀምር። 15 ላይ "በራድ ወይም ትኩስ ብትሆንስ መልካም በሆነ ነበር" ይላል። በራድ የተባለው ከሃዲ ከሆነ ጌታ "ምነው በካድክ" ሊል ነው? እኔ ይህ ነገር ለዓመታት አልገባኝም ነበር። መልእክቱ የተላከላትን የሎዶቅያን ከተማ ታሪክ ሳነብ ነው የገባኝ።

ሎዶቅያ ያለችው በዛሬዋ ቱርክ፣ በሊቆስ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከእሷ ማዶ ኢያራ ከተማ አለች፣ ከመሬት የሚፈልቅ ፍል ውሃ ያላት፣ እስከ ዛሬም ነጭ ደረጃ ሠርቶ የሚወርድ። ወደ ሌላው በኩል ቆላስይስ አለች፣ ከተራራ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ዳር። ሎዶቅያ ውሃዋን በቧንቧ ከሩቅ ነው የምታስመጣው። የድንጋይ ቧንቧዎቿ ዛሬም ፍርስራሹ ውስጥ ይታያሉ፣ ውስጣቸው በኖራ ተደፍኖ ቀዳዳው ጠቧል። ስለዚህ ፍል ውሃ ለሕመምተኛ ይሆናል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ለተጠማ ይሆናል፣ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ለብ ያለው ነው ለማንም የማይሆነው። ቧንቧው አለ፣ ውሃውም ይወርዳል፣ ግን አፍ ውስጥ አይቆይም።

ታዲያ ከተማዋ ለምን እንዲህ ሆነች? ያለማቋረጥ፣ ቀዳዳ አይደለም። ቁጥር 17ን አንብበው፦ "ሀብታም ነኝና ባለ ጠጋ ሆኜአለሁ አንድም ስንኳ አያስፈልገኝም"። ይህ ዝም ብሎ ስድብ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ60 አካባቢ የምድር መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፍርሷት ነበር፣ ታሲተስ የሚባለው የሮም ታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው ከሮም እርዳታ ሳትቀበል በራሷ ገንዘብ ተነሳች። ይህን የሚያወራ ከተማ አስብ። ልጆች እንኳ የሚያውቁት ታሪክ ይሆናል፣ "እኛ እኮ ማንንም አልለመንንም"። እንዲህ ያለ ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ያንኑ ጠባይ ይዞ ነው የሚገባው።

ጠያቂው ወንድሜ፣ አንተም የጻፍከው የዚህ ዘመዱ ይመስለኛል። 412ቱን ቀን ማን ሰጠህ? ራስህ ነህ። የጻፍከው የሥራ ዝርዝር ውስጥ አንድም ቦታ እግዚአብሔር ባይመጣ የሚቆም ነገር የለም። ማስተማሩ ይቀጥላል፣ ጸሎቱ ይቀጥላል (ልጅህ ብቻዋን ትጨርሰዋለች፣ ይቅርታ)፣ ደሞዙም ይገባል። መጨረሻ ጊዜ እሱ ካላደረገው የምታፍርበትን ነገር የለመንከው መቼ ነው?

አንድ ነገር ልጨምርና ልተው። ጳውሎስ ለቆላስይስ ሲጽፍ ኤጳፍራ የሚባለው አገልጋይ ስለ ሎዶቅያና ስለ ኢያራ ሰዎች እጅግ እንደሚቀና፣ በጸሎት እንደሚጋደል ይናገራል። በተለመደው ግምት ከዚያ እስከ ራእይ መጻፍ 30 ዓመት ገደማ ነው። በአንድ ትውልድ ውስጥ ከተጋደሉላት ቤተ ክርስቲያን ወደ "ልተፋህ ነው" ደረሰች። በመካከል ትልቅ ክህደት ተፈጸመ የሚል ነገር የትም አልተጻፈም። ሲመቻቸው ነው የሄደው። "እነሆ በደጅ ቆሜ አንኳኳለሁ" የሚለውን ደግሞ ላላመነ ሰው ስንሰብክበት ኖርን፣ የተጻፈው ግን ለቤተ ክርስቲያን ነው። ውጭ የቀረው የቤቱ ባለቤት ነው።

የመንታ እናት፦

ከመፍረዳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቀው። ወንድም፣ በደንብ ትተኛለህ?

የምጠይቀው ወድጄ አይደለም። መንታ ልጆቼ ጡት በሚጠቡበት ዓመት እኔም ምንም አይሰማኝም ነበር። መዝሙር ሲከፈት ቃላቱ ከመስታወት በስተጀርባ ያሉ ይመስለኝ ነበር። አንድ አገልጋይ "ቀዝቅዘሻል እህቴ፣ ዓለም ገብቶብሻል" አለችኝ። ዓለም? ለዓለም የሚሆን አቅም ከየት አመጣለሁ? ከዚያ በኋላ ራሴን በጥፋተኝነት ጨፍልቄ ሌሊት እየተነሳሁ መጸለይ ጀመርኩ፣ ጭራሽ ታመምኩ። ሐኪም ዘንድ ሄጄ የድብርት ሕመም ነው ተባልኩ፣ መድኃኒት ወሰድኩ፣ እህቴ ሁለት ሌሊት ልጆቹን ይዛልኝ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ሳላስበው ስዘምር ራሴን አገኘሁት።

ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም። "ተነሥና ብላ" ነው ያለው። ከዚያ ደግሞ ተኛ፣ ደግሞ ቀሰቀሰው፣ ደግሞ በላ። የእግዚአብሔር ጥያቄ የመጣው ከ40 ቀን መንገድ በኋላ ነው።

ያለማቋረጥ፣ ምክርህ ለአንዳንድ ሰው መድኃኒት ለአንዳንዱ ድንጋይ ነው። መለየት አለብን። ይህን ካልኩ በኋላ ግን ጠያቂውን ሳነበው የደከመ ሰው አይመስለኝም። የደከመ ሰው ያመዋል፣ እሱ አያመኝም ብሏል። ራሱ ይንገረን።

ለብ ያልኩት፦

እተኛለሁ እህቴ። ስምንት ሰዓት ሙሉ። ጤናዬም ደህና ነው፣ ሥራም አልበዛብኝም። እንዲያውም በሕይወቴ እንደ አሁኑ ተረጋግቼ አላውቅም። ስጀምር ሥራ አልነበረኝም፣ እናቴ ታማ ነበር፣ በየቀኑ መሬት ላይ ወድቄ ነበር የምጸልየው። መቅረዝ የጠየቅከውን አሰብኩበት። የዛሬ ስድስት ዓመት ነው፣ ሚስቴ ስትወልድ ደም ፈሷት። ከዚያ ወዲህ "ጌታ ሆይ አንተ ካልሆንክ" ያልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። አለ ብዬ መዋሸት እችል ነበር።

አሮጌ አቁማዳ፦

ስለ ሁለተኛው ጥያቄህ ነው የምጽፈው፣ መጀመሪያውን መቅረዝ ጨርሶታል።

እስቲ "ዓለም" የምንላትን ቃል ተመልከቷት። በእኛ ቋንቋ ዓለም ማለት ደስታም ነው፣ ድግስም ነው። "ዓለሟን አየች" እንላለን፣ ለሙሽራ። "ዓለሜን ቀጨሁ" እንላለን። ዘፈን ደግሞ "ዓለማዊ" ነው። ስለዚህ "ከዓለም ተለዩ" ሲባል ጆሯችን የሚሰማው "ደስታ አቁሙ" የሚለውን ነው። መጠጥ፣ ጭፈራ፣ ሲኒማ፣ ልብስ። ዝርዝር አወጣን፣ ዝርዝሩን ጣልን፣ ተለየን ብለን ቁጭ አልን። አንተ "ዝርዝሩን ጨርሶ ለጣለ ሰው" ያልከው እሱን ነው።

ዮሐንስ ግን በመጀመሪያ መልእክቱ ዓለም ውስጥ ያለውን ሲቆጥር የሥጋ ምኞት፣ የዓይን አምሮት፣ ስለ ገንዘብም መመካት ይላል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጭፈራ ቤት አይገቡም፣ ቢሮ ነው የሚውሉት። ጾመኛም ሊሆኑ ይችላሉ።

ሎጥን ተመልከት። ዘፍጥረት 13 ላይ ድንኳኑን እስከ ሰዶም ድረስ አዘዋወረ ይላል፣ አልገባም። 14 ላይ ሰዶም ውስጥ ይኖር ነበር። 19 ላይ በከተማዋ በር ተቀምጧል፣ የአገር ሽማግሌ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምንለው ለመልካም ብቻ ይመስለናል። መላእክቱ "ውጣ" ሲሉት ዘገየ፣ እጁን ይዘው ነው ያወጡት። እንግዲህ ሎጥ ጠጪ ነበር፣ ጨፋሪ ነበር አይልም። ጴጥሮስ እንዲያውም ጻድቅ ይለዋል፣ በሚያየው ነገር ነፍሱ ትጨነቅ ነበር ይላል። እየተጨነቀ ለመደው። አንተም መጀመሪያ ሽንት ቤት ገብተህ ይቅርታ ለምነሃል፣ ከዚያ ሻይህን ጨርሰሃል።

ዳንኤል ሌላ ነው። የባቢሎንን ትምህርት ሦስት ዓመት ተማረ። ስሙን ቀየሩት፣ ዝም አለ። የቤተ መንግሥት ሥራ ያዘ። በዝርዝር ብንሄድ እኛ ገና በር ላይ እናስቆመው ነበር። ነገር ግን በንጉሡ መብል እንዳይረክስ በልቡ አሰበ፣ እዚያ ላይ ንቅንቅ አላለም። ያውም አልጮኸም፣ አሥር ቀን ፈትነን ብሎ በትሕትና ጠየቀ። ከዓለም መለየት ለእኔ ይኸ ነው፣ ሁሉም በሚፈርምበት ወረቀት ላይ የማትፈርምበት መስመር።

ስለዚህ ወንድሜ መነካት አትፈልግ። ስሜት አትለምን። ሪፖርቱን አስተካክል። የምታውቀውን ውሸት በየወሩ እየፈረምክ ልቤ ለምን ደነዘዘ ብሎ መጠየቅ፣ እጅህን በረዶ ውስጥ ነክረህ ጣቴ ለምን አይሰማኝም እንደማለት ነው።

ያለማቋረጥ፦

አሮጌ አቁማዳ በሪፖርቱ ጉዳይ እስማማለሁ፣ አምልጦኝ ነበር፣ እሱን መጀመሪያ ማለት ነበረብኝ። ግን ዝርዝሩን አታቃልለው። እኔ ጠጪ ነበርኩ። ለእኔ ያ ዝርዝር አጥር ነው። ዳንኤል ዳንኤል ስለሆነ ነው። ሁሉም ሰው ቤተ መንግሥት ውስጥ ውሎ ንጹሕ አይወጣም።

አሮጌ አቁማዳ፦

ልክ ነህ። አንተ አጥሩን ያዝ፣ እኔም ብሆን አንዳንድ አጥር አለኝ። ያልኩት አጥሩን ቤት አድርገን እንዳንኖርበት ነው። ከማያምኑ ጓደኞችህ ጋር ቡና መተውህን ግን እንደገና አስብበት። ጳውሎስ በመጀመሪያ ቆሮንቶስ 5 ላይ ስለ ዓለም ሴሰኞችና ገንዘብ ወዳዶች አላልኩም፣ እንዲያማ ቢሆን ከዓለም መውጣት ይኖርባችኋል ብሎ ራሱ አርሞታል። ጌታም በዮሐንስ 17 "ከክፉ እንድትጠብቃቸው እንጂ ከዓለም እንድታወጣቸው አልለምንም" ነው ያለው።

ሃኬተኛው፦

ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ስሜን ያወጣሁት መክሊቱን ቀብሮ "ክፉና ሃኬተኛ (ሰነፍ) ባሪያ" ከተባለው ሰውዬ ነው፣ በሽታውን አውቀዋለሁ ለማለት።

ይህ ሕመም አዲስ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዘመን ግብጽ በረሃ ውስጥ ይኖር የነበረ ኢቫግሪዮስ የሚባል መነኩሴ ጽፎታል። እ.ኤ.አ. በ399 ነው ያረፈው። መዝሙረኛው "የቀትር ጋኔን" ያለው እሱ ነው ይላል። ከአራተኛው ሰዓት ይጀምርና እስከ ስምንተኛው ይቆያል ይላል፣ ሰዓቱ ልክ እንደ እኛ አቆጣጠር ነው፣ ከጠዋቱ አራት እስከ ስምንት። ፀሐይዋ የማትንቀሳቀስ ትመስለዋለች፣ ቀኑ 50 ሰዓት ይሆንበታል። መነኩሴው በመስኮት ያያል፣ ይወጣል፣ ዘጠኝ ሰዓት ስንት ቀረው ብሎ ፀሐይዋን ይለካል፣ የሚበላው በዘጠኝ ነዋ። ከዚያ ቦታውን ይጠላል። ከዚያ "እግዚአብሔር የሚመለከው የትም ነው፣ ለምን እዚህ?" የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። ስብከት ላይ ሰዓት አያለሁ ያልከውን ሳነብ ሳቅሁ፣ በአንተ አይደለም፣ በራሴ። ከ1600 ዓመት በላይ አልፎም ያው ሰውዬ ያው መስኮት ላይ ቆሟል።

የእነሱ መድኃኒት ደግሞ ቀላል ነው፣ የሚያስጠላም ነው። ከበዓትህ፣ ማለትም ከመነኩሴ ማደሪያህ አትውጣ። ስለዚህ ያለማቋረጥ አገልግሎቱን አስረክብ ያለህን እኔ አልደግፈውም። አታስረክብ። አሳንሰው እንጂ። ጸሎቱን ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር አውርደው፣ ግን የምታምነው ዓረፍተ ነገር ይሁን። "ጌታ ሆይ አልራበኝም" ብትል እንኳ እውነት ነው። እሱን ደግሞ ልጅህ ልትሸመድድልህ አትችልም።

ሌላው፣ መለየት ማለት መሸሽ ነው ብለን የግብጹን መነኩሴ እንጦንስን እንጠቅሳለን። ገና ወጣት ሳለ "ያለህን ሽጠህ ለድሆች ስጥ" የሚለውን ቃል ሲነበብ ሰምቶ መሬቱን ሰጠ፣ በረሃ ገባ። ይኸን ሁሉም ያውቃል። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው አትናቴዎስ ግን ሌላም ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ311 በስደቱ ጊዜ ክርስቲያኖች ሲታሰሩ እንጦንስ በረሃውን ትቶ እስክንድርያ ወረደ። በማዕድን ቁፋሮና በእስር ቤት ያሉትን አገለገለ፣ ፍርድ ቤት ድረስ አብሯቸው ቆመ። ስደቱ ሲበርድ ተመለሰ። ለሃያ ዓመት በሩን ዘግቶ የኖረ ሰው ነው ከተማ ገብቶ በዳኛ ፊት የቆመው። ምንም የሚያስፈራው ነገር አልቀረማ። እኛ ከተማ ውስጥ እየኖርን አንድ የሰዓት ሪፖርት ያንቀጠቅጠናል።

የመጨረሻው ነገር። መጀመሪያ ላይ "ፊት ለፊት መናገር ስላፈርኩ" ብለሃል። ብዙዎቻችን አለፍናት፣ እኔ ግን ከሦስቱ ታሪኮችህ ይልቅ እሷ ናት ያስጨነቀችኝ። 19 ዓመት ቆይተህ ይህን የምትነግረው አንድ ሰው የለህም? እዚህ የጻፍከው በብዕር ስም ነው፣ ነገ ስሙን ትቀይረዋለህ። የንስሐ አባት ካለህ ሂድ፣ ከሌለህ አንድ የምታምነው ወንድም ፈልግ። ፊትህን እያየ ይስማህ። ምክር አትጠይቀው፣ ይስማህ ብቻ።

የመንታ እናት፦

ሃኬተኛው ስላሳቅከኝ አመሰግናለሁ። የመጨረሻዋ ነጥብ ላይ እኔም እጨምራለሁ፣ ከሚስትህ ብትጀምርስ? ገበታው ላይ አብራ ነበረች። ስቃለች ብለሃል፣ ግን ምን አይታ እንደሳቀች አታውቅም።

መቅረዝ፦

ጠያቂው ወዴት ጠፋህ?

ለብ ያልኩት፦

አለሁ። አሥራ ሁለት ቀን ሆነኝ፣ የምጽፈው እስካገኝ ነው ዝም ያልኩት።

ለሚስቴ ነገርኳት። እንደ ሃኬተኛው ትእዛዝ ምክር አልጠየቅኩም። እስክጨርስ ልብስ እያጣጠፈች ሰማችኝና "ሦስት ዓመት ሆነህ" አለች። ሦስት ዓመት! እኔ የዘንድሮ ነገር መስሎኝ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም ስላት "ስትጸልይ ማን ያቋርጥሃል" አለችኝ። እህቴ፣ ምን አይታ እንደሳቀች አሁን አውቄያለሁ።

አፑን አላጠፋሁትም፣ ግን አንድ ማታ ሆን ብዬ ሳልከፍተው ተኛሁ። ዜሮ ሆነ። ይህን ያህል ይቆጨኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር፣ ጠዋት ስነሳ አንድ ነገር የተሰረቅኩ መስሎኛል።

ሪፖርቱን ባለፈው ዓርብ ሞላሁ፣ የሠራሁትን ሰዓት ብቻ። አለቃዬ ወረቀቱን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ፈርሞ አስቀመጠው። አልተቆጣም። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ግን "አሁን እኛን ልታስመታን ነው?" አለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ምሳ ብቻዬን ነው የምበላው። ልክ ነው እሱም፣ የእኔ ወረቀት የእነሱን ያጋልጣል። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ማታ ላይ ስጸልይ ምን እንደምል ጠፋኝ፣ ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነበር፣ እሱኑ ነገርኩት። ረጅም አልነበረም።

አሮጌ አቁማዳ፦

ጎበዝ። ያለፉትስ ወራት?

ለብ ያልኩት፦

እሱን ነው የፈራሁት ጥያቄ። ቁጭ ብዬ ደመርኩት፣ የአንድ ወር ተኩል ደሞዝ ይሆናል። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ለእናንተ መናገሬ አይቆጠርም፣ ሃኬተኛው እንዳለው። ሰኞ አለቃዬ ጋ እገባለሁ ብያለሁ፣ ሰኞ ሲደርስ እናያለን። ጸልዩልኝ፣ ይህን ስል ደግሞ እንደ ድሮው ለመዝጊያ አይደለም።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ልሂድ። ትናንት ማታ ገበታ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ዝም አልኩ። ልጄ ጠበቀች። ጠበቀች። ከዚያ በሹክሹክታ "አባባ፣ ረሳኸው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "እኔ ልንገርህ?" ብላ ጀመረች፣ "በተለይም" ጋ ስትደርስ ግን ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ጠፋባት፣ እኔም አልነገርኳት። ትንሽ አሰበችና ለአስተማሪዋ ድመት ጸለየች። ድመቷ ታማለች አሉ።